እሳቱ ሳይመጣ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የተወደዳችሁ።

ባለፈው ሐምሌ አንዲት እህታችን ደወለችልኝ። ለነርስነት ሥራ አሜሪካ፣ ሞንታና ሄዳ ከሚዙላ ብዙም በማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው የምትኖረው። እንዲህ ባለ ከተማ አዲስ ሰው ሲገባ ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ያውቀዋል። በምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ወንድም ጋር ተዋወቀች። ሥራው ሰደድ እሳት ማጥፋት ነው። ቀስ በቀስ ተዋደዱ።

ከዚያ የእሳቱ ወራት ገባ። እኛ ክረምት ብለን ጃንጥላ በምንይዝበት በሐምሌና በነሐሴ፣ እዚያ ደረቅ በጋ ነው። ደኑ የሚነደው ያኔ ነው። አንድ ስምሪት በተለምዶ እስከ 14 ቀን ይቆያል፣ የመንገዱ ቀን ሳይቆጠር። እሱ የሄደበት ተራራ ላይ ደግሞ ኔትወርክ የለም። “ድምፁ ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ እንቅልፍ አጣሁ” አለችኝ። “ይወደኛል ብዬ ነበር። ግን ለመሆኑ አውቀዋለሁ ወይ?”

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከልቤ አልወጣም። በዚያው አገር የሆነ አንድ ታሪክ አስታወሰኝ።

ነሐሴ 1949 ዓ.ም. ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። ማን ገልች በሚባል የሞንታና ሸለቆ እሳት ተነሳ። 15 የእሳት አጥፊ ሠራተኞች በፓራሹት ወረዱ፤ መሬት ላይ የነበረ አንድ ጠባቂም ተቀላቀላቸውና 16 ሆኑ። ሳያስቡት እሳቱ ከበታቻቸው ዞሮ በሣሩ ላይ ሽቅብ ያሳድዳቸው ጀመር። አለቃቸው ዋግነር ዶጅ ሮጦ እንደማያመልጥ ገባው። ክብሪት ጫረና ከፊቱ ያለውን ሣር ራሱ አቃጠለው። የተቃጠለ ቦታ ዳግመኛ አይነድም። ከዚያ ሰዎቹን “ወደዚህ ግቡ!” ብሎ ጠራቸው። አንድም የገባ የለም። እሱ አመዱ ላይ ተደፍቶ እሳቱ አለፈውና በሕይወት ተነሳ። ከሠራተኞቹ ሁለት ወጣቶች ደግሞ ወደ ድንጋያማ ቦታ ሮጠው ተረፉ። 13ቱ ሞቱ።

ለምን አልሰሙትም? ያደረገው ነገር ያኔ ለሠራተኞቹ የሚሰጥ ትምህርት አልነበረም፤ እሳት እያሳደደህ ሌላ እሳት መለኮስ እብደት ይመስላል። ሁከቱም ነበር። ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሰዎቹ ከዚያ በፊት አብረው ሲሠለጥኑ ዶጅ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ብዙዎቹ በቅጡ አያውቁትም። እውነተኛ የማዳን ቃል ከአፉ ወጣ፣ ግን ቃሉን የሚሸከም መተዋወቅ አልነበረም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ። መተማመን በአንድ ደቂቃ አይሠራም፣ ነበልባሉ ከኋላህ ሲመጣማ ፈጽሞ አይሆንም።

አሁን መጽሐፈ ሩትን ክፈቱ። ሩትም ለቤተ ልሔም እንግዳ ናት፣ ያውም ሞዓባዊት። የእርሻው ባለቤት ቦዔዝ መጀመሪያ የነገራት የፍቅር ቃል አይደለም። ሌላ እርሻ አትሂጂ፣ ጎበዛዝቱ እንዳይነኩሽ አዝዣለሁ፣ ሲጠማሽ ከቀዱት ውኃ ጠጪ ነው ያላት። እሱም ለአማቷ ለኑኃሚን ያደረገችውን አስቀድሞ ሰምቷል። ከዚያ ምዕራፍ 2፥23ን አንብቡ። የገብሱ መከር እስኪያልቅ፣ ከዚያም የስንዴው እስኪያልቅ ቃረመች። ይህ የሳምንታት ነገር ነው። በእነዚያ ሳምንታት የተጻፈ ትልቅ ክስተት የለም። ፀሐይ፣ ነዶ፣ የተቆላ እሸት። አውድማው ላይ “አትፍሪ” ሲላት ግን ቃሉ የሚያርፍበት መሬት ነበረው። ኑኃሚንም ሩትን “ቁጭ በዪ፣ ሰውዮው ዛሬ ነገሩን ሳይፈጽም አያርፍም” ያለቻት ምኞቷን አይደለም። ሰውዬውን ስለምታውቀው ነው።

እህቴን “ሐምሌ ሳይገባ ምን አየሽ?” አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ሚያዝያ ላይ የአንዲት መበለት ቤት ዙሪያውን ደረቅ የጥድ ቅጠል ሲጠርግ አይታዋለች። ጣሪያው ላይ ወጥቶ አሸንዳውንም አጸዳላት። የሰደድ እሳት ሰዎች ሥራቸው በብዛት ይኸው ነው። ተራራ ላይ ውኃ እንደ ልብ አይገኝም። ሣሩን፣ ቅጠሉን፣ ሥሩን እየቆፈሩ እስከ ባዶው አፈር ያነሱታል፤ እሳቱ እዚያ ሲደርስ የሚበላው ያጣል። እሱ ይህንን ማንም ሳያዘው፣ ለማይከፍለው ሰው አደረገው። “ይህን አትርሺ” አልኳት።

“ያላየሽውስ?” አልኳት ቀጥዬ። ሲናደድ አላየችውም። ቤተሰቡን አታውቅም። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጆች፣ በየዓመቱ ስለሚደጋገመው ስለዚህ መራራቅ አንድም ቀን አላወሩም። ይህን ሸፍኜ “ጌታ ያውቃል፣ አይዞሽ” ብቻ ብላት በደልኳት ነበር። በሠርጎቻችን ላይ ከመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 8 “ብዙ ውኃ ፍቅርን ያጠፋት ዘንድ አይችልም” የሚለውን እናነባለን፣ ደስ ይላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግን ሦስት ቁጥር ከፍ ብላችሁ እዩ፦ ፍቅርን ራሱ እስኪፈልግ ድረስ እንዳታስነሡት ይላል። መጠበቅም የፍቅር ሥራ ነው። ያን ምሽት አብረን ጸለይን፣ ለእሱ ጥበቃ፣ ለእሷ እንቅልፍ።

በ16ኛው ቀን ደወለላት፤ ድምፁ በጭስ ጎርንኖ ነበር።

በኅዳር በረዶው ወርዶ ሥራው ሲቀዘቅዝ፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ ጋር ተቀመጡ። እሱ እናቱን ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀችው እህታችን ናት፦ “ስትናደድ ምን ታደርጋለህ?” እሱም ቶሎ አልመለሰም። አሰበና እውነቱን ይነግራት ጀመር።