የድሬ ቢሮዎች ኔትወርክ እና የሚረሳው መስመር

ድሬዳዋን የረገጠ ሰው ከዚራና መጋላ የተባሉት ሰፈሮች በደቻቱ ወንዝ እንደሚለያዩ ያውቃል። መሻገሪያው ድልድዩ ነው። በወግ የተሠራ የቢሮ ኔትወርክም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም አንድ ስዊች (የመሣሪያዎቹን ገመድ የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ ተሰክቶ እንኳ በሰፈር በሰፈር ይከፈላል።

ሰፈሩ ቪላን ይባላል። አሠራሩን የሚደነግገው 802.1ኪው የተባለው መመዘኛ የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። በሚያልፈው መረጃ ላይ የሰፈሩ ቁጥር ይለጠፍበታል። ለቁጥሩ የተመደበው ቦታ 12 ቢት ስለሆነ እስከ 4,094 ሰፈር ይቻላል። ለአንድ የከዚራ ቢሮ ግን አራት አምስት ይበቃል፤ ሠራተኛ፣ ሂሳብ ክፍል፣ ካሜራ፣ የእንግዳ ዋይፋይ።

አምስተኛው ማኔጅመንት ነው። ስሙ ያሳስታል፤ የሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር የሚገባበት አይደለም። (እንዲገባላቸው የሚጠይቁ አሉ።) ስዊቹ፣ ከኔትወርክ ኔትወርክ የሚያሻግረው ራውተር፣ ዋይፋይ የሚያሰራጨው አክሰስ ፖይንትና መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ የሚስተካከሉበት መስመር ነው።

ስዊች ከካርቶን ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ፖርቱ (የገመዱ መሰኪያ) ሁሉ ቪላን 1 ላይ ነው። እንዳለ ከተተወ ላፕቶፑን የሰካ እንግዳ ሁሉ የስዊቹን መግቢያ ገጽ ያገኛል። ከርቀት በቴልኔት የሚገባ ባለሙያ ደግሞ ፓስወርዱ ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው፤ የሚያመሰጥረው ኤስኤስኤች ይሻላል።

ስለዚህ ለሠራተኛው (ቪላን 20) የ10.10.20.0 አድራሻ፣ ለማኔጅመንቱ (ቪላን 99) የ10.10.99.0 አድራሻ ይሰጣል እንበል። አለቀ? አላለቀም። በበጋ ደቻቱ ደረቅ ነው፤ ሰው ድልድዩን ትቶ አሸዋውን ያቋርጣል። ራውተርም ካልተከለከለ ከሰፈር ሰፈር ያሻግራል። አክሰስ ሊስት (ማን እንደሚያልፍ የሚወስን ዝርዝር) ተጽፎ ከአይቲው ማሽን በቀር ወደ 99 የሚሄደው ሁሉ መዘጋት አለበት። እኔ ካየኋቸው ቢሮዎች ብዙዎቹ ከፍለዋል፤ የዘጉት ጥቂት ናቸው።

በድሬ ሙቀት መስመሩ ሌላም ጥቅም አለው። ራኩ (መሣሪያዎቹ የሚደረደሩበት መደርደሪያ) ቬንትሌተር በሌለው ቁም ሳጥን ውስጥ ሲግል፣ መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ ሲደክም፣ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትራንኩ (ብዙ ቪላን የሚያልፍበት የስዊቾቹ ማገናኛ) ላይ 99ን መፍቀድ ከተረሳ ስዊቹ ከርቀት አይገኝም። እኔ አንዴ ረስቼ፣ ከተማው ከፀሐይ ሸሽቶ በተኛበት ቀትር፣ ስዊቹን በቀጥታ ከላፕቶፕ የሚያገናኝ ኮንሶል ገመድ ይዤ ያን ቁም ሳጥን ውስጥ ተንበርክኬያለሁ።