ሴግዌይና ሆቨርቦርድ መንዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቆመው የሚነዷቸው፣ ሁለት ጎማቸው ጎን ለጎን የሆነ የኤሌክትሪክ መንጃዎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እስከ ወገብ የሚደርስ መሪ ያለው ትልቁ ሴግዌይ ነው፤ በ2001 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለዓለም ይፋ ሆኖ ዋናው ሞዴል በ2020 ማምረቻውን ተሰናብቷል። ሁለተኛው መሪ የሌለው፣ በእግር ብቻ የሚታዘዘው ሆቨርቦርድ ነው። የድሬዳዋ ሜዳማ አስፋልት ለሁለቱም የተመቸ ይመስላል፤ የሐረር ቁልቁለት ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለ አነዳዳቸው የሚወራው ብዙው ነገር ለሁለቱም ከተማ አይሠራም።

«ሚዛኑን ራሱ ስለሚጠብቅ አይጥልም»

ከሁሉም አደገኛው እምነት ይህ ነው፤ የቀሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ይቀዳሉ። ማሽኑ ነጂውን ደግፎ የሚያቆም ምንም ነገር የለውም። ውስጡ ያሉት ጃይሮስኮፕና አክስለሮሜትር መርገጫው ምን ያህል እንዳዘነበለ ያለማቋረጥ ይለካሉ፤ መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ደግሞ ጎማዎቹን ወደ ዘነበለበት አቅጣጫ ያስሮጣል። እንጨት በመዳፉ ላይ አቁሞ የሚጫወት ልጅ፣ እንጨቱ ወደ ዘመመበት እጁን እንደሚያስከትል ማለት ነው። ነጂው ወደ ፊት ሲያዘነብል ጎማው ከሥሩ ሊደርስለት ይሮጣል፤ «መሄድ» የምንለው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሚያስኬደውም ሚዛን የሚጠብቀውም ያው አንድ ሞተር ነው። ሞተሩ ጉልበቱን በሙሉ ለፍጥነት ካዋለው ለሚዛን የሚተርፈው የለም። በዚያች ቅጽበት ነጂው ትንሽ እንኳ ወደ ፊት ቢጨምር ጎማው አይደርስለትም፤ መርገጫው በአፍንጫው ይደፋል፣ ነጂው በግንባሩ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው ለመንሸራተት ጊዜ እንኳ ሳይሰጥ ነው፤ ስለዚህ «ሲጀምረኝ እወርዳለሁ» የሚለው እቅድ አይሠራም።

የሞተሩን ትርፍ ጉልበት የሚበሉት ነገሮች ይታወቃሉ፦ ከፍተኛ ፍጥነት፣ ዳገት፣ ከባድ ነጂ፣ እያለቀ ያለ ባትሪ፣ የጋለ ሞተር፣ ጎማ የሚይዝ መሬት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ አደጋው ይቀርባል። ጀማሪ ሊይዘው የሚገባው ልክም ከዚህ የመጣ ነው፤ ማሽኑ ከሚችለው ፍጥነት ከግማሽ በላይ አትሂዱ። የመጀመሪያዎቹ ሴግዌዮች ጣሪያ በሰዓት 20 ኪ.ሜ ነበር፤ የተለመደው ባለ 6.5 ኢንች ጎማ ሆቨርቦርድ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ኪ.ሜ ይሄዳል። የጀማሪ ሁነታ ካለው እሱን አታጥፉት። ናይንቦት የተባለው አምራች አንዳንድ ሞዴሎች አዲስ ነጂን የመጀመሪያውን 1 ኪ.ሜ በሰዓት ከ7 ኪ.ሜ በላይ የማያስኬዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

«ሲጮህ ወይም ወደ ኋላ ሲገፋ ተበላሽቷል ማለት ነው»

ተቃራኒው ነው። ፍጥነቱ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ወይም ባትሪው ሲያንስ መርገጫው ፊቱን ቀና አድርጎ ነጂውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ አብሮም ይጮኻል ወይም ይንቀጠቀጣል። «ጉልበት እያለቀብኝ ነው» እያለ ነው። ብዙ ጀማሪ ይህን እንደ እልህ ቆጥሮ የበለጠ ወደ ፊት ይጫነዋል፤ የሚወድቀውም ያኔ ነው። ትክክለኛው ምላሽ ግፊቱን ተቀብሎ ዳሌን ወደ ኋላ መመለስና መቆም ብቻ ነው።

በ2003 አሜሪካ ውስጥ 6,000 ገደማ ሴግዌዮች ለሶፍትዌር ማስተካከያ የተጠሩት በዚህ ምክንያት ነበር። ባትሪያቸው እያለቀ ሳለ ነጂው በድንገት ሲያፋጥን፣ እንቅፋት ሲመታ ወይም ማስጠንቀቂያውን ችላ ብሎ ሲቀጥል ጉልበት እያጠራቸው ይጥሉ ነበር። ለእኛ የሚጠቅመው ልማድ ግልጽ ነው፤ የባትሪው መብራት ሩብ ሲደርስ ወርዶ እየገፉ ወደ ቤት መመለስ። «ትንሽ ቀርታለች፣ ታደርሰኛለች» ለባጃጅ ቢሠራም ለዚህ አይሠራም።

«ቢወድቁም እንዳይጎዱ አሸዋ ላይ መማር ይሻላል»

የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ሲታይ ይህ ሐሳብ ለድሬ ልጅ ቢመጣለት አይገርምም። ነገር ግን አሸዋ ትንንሹን ጎማ ይይዘዋል። ጎማው ሲያዝ ሞተሩ ለመላቀቅ ጉልበቱን በሙሉ ያወጣል፤ የነጂው ሰውነት ግን ጉዞውን አላቆመም። ለስላሳ መሬት አወዳደቅን ያቀልላል፣ የመውደቅን ዕድል ግን ያበዛል። ሳርም ያው ነው። በዚያ ላይ አሸዋ የጎማውንና የመርገጫውን ክፍተት ይሞላል።

የሚሻለው ልሙጥ፣ ደረቅ፣ ምንም ተዳፋት የሌለው ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ነው፤ ተሽከርካሪ የማይገባበት ግቢ ከተገኘ እሰየው። ስፋቱ ቢያንስ 5 ሜትር በ10 ሜትር ይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት በመጥረጊያ ጥረጉት። ደረቅ አስፋልት ላይ በስሱ የተበተነ አሸዋ ጎማውን አይዝም፣ ያንሸራትተዋል፤ ከዝናብ በኋላ የድሬ መንገዶች ላይ ጎርፍ የሚተወው ደለልም እንዲሁ።

«ብስክሌት የሚችል ሰው ወዲያው ይችለዋል»

ብስክሌት የለመደ ሰው ሊወድቅ ሲል በመሪው ያስተካክላል፣ ለማቆም ደግሞ ጣቱ ፍሬን ይፈልጋል። እዚህ ፍሬን የሚባል ነገር የለም፤ ፍሬኑ የሰውነት ክብደት ነው። በሴግዌይ መሪውን እንደ ገመድ ይዞ መንጠልጠል የጀማሪ ዋነኛ ጥፋት ነው፤ መሪውን ወደ ራስ መሳብ ወይም መግፋት መርገጫውን ያዘነብለዋል፣ ማሽኑም ያንን እንደ ትእዛዝ ይወስደዋል። ብስክሌት ጨርሶ የማያውቅ ሰው አንዳንዴ ቀድሞ የሚለምደውም የሚያርመው ልማድ ስለሌለው ነው።

ሆቨርቦርድ ለመጀመር ረዳት ያስፈልጋል። ረዳቱ ፊት ለፊት ቆሞ ክንዱን ይዘርጋ፤ ጀማሪው ይደገፍበት እንጂ አይጎትተው። ማሽኑ ተከፍቶ መሬት ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጥ። የሚቀናውን እግር መጀመሪያ፣ ወደ ጎማው ተጠግቶ፣ ተረከዝና ጣት እኩል እንዲጫኑ አድርጎ ማሳረፍ። ሁለተኛውን እግር ሳያመነቱ ማስከተል፤ አንድ እግር ብቻ ተጭኖ ሲቆይ ማሽኑ መሽከርከር ይጀምራልና። ከዚያ ምንም ሳያደርጉ መቆም። መርገጫው ፊትና ኋላ እየተንቀጠቀጠ ካስቸገረ ምክንያቱ ማሽኑ ሳይሆን የነጂው ቁርጭምጭሚት ነው፤ በፍርሃት ጣት ይጫናል፣ ማሽኑ ይሄዳል፣ ተረከዝ ይጫናል፣ ማሽኑ ይመለሳል። ጉልበትን ላላ አድርጎ 10 ሜትር ራቅ ያለ ነገር ላይ ዓይንን መትከል ያረጋጋዋል። እግሩን የሚያይ ሰው አንገቱ ይደፋል፣ ክብደቱም ወደ ፊት ይሄዳል።

ቆሞ መርጋት ሲቻል ብቻ ወደ ፊት አንድ ሜትር፣ መቆም፣ ወደ ኋላ አንድ ሜትር፣ መቆም። መታጠፍ ከዚህ በኋላ ይምጣ። በሆቨርቦርድ ወደ ግራ ለመዞር የቀኝ እግር ጣት በትንሹ ይጫናል፣ ወደ ቀኝ ለመዞር የግራው። መሪው በሚያዘነብል ሴግዌይ ደግሞ መሪውን ወደሚዞሩበት ጎን ማዘንበል ነው፤ ፍጥነት ካለ ሰውነትም አብሮ ወደዚያው ጎን ያዝ ማለት አለበት፣ አለዚያ ማሽኑ ከሥር ዞሮ ነጂውን ወደ ውጭ ይተወዋል።

«ካስፈራ ዘሎ መውረድ ነው»

በርቶ ካለ ማሽን ላይ ወደ ፊት አይወረድም። ወደ ፊት ለመራመድ የሚነሳ እግር መጀመሪያ በጣቱ ይጫናል፤ ማሽኑም በዚያች ግፊት ይፈተለክና የቀረውን እግር ይዞ ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ ቁሙ፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ አውርዱ፣ ሁለተኛውን ቶሎ አስከትሉ። ወርዶ መሪውን መልቀቅም ሌላ ጥፋት ነው፤ ሰው ያልያዘው ሴግዌይ ጥቂት ሊሄድ ይችላል፣ 47 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር ደግሞ የሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ ቀልድ አይደለም። ፍጥነት ገድቦ ወደ ኋላ ሲገፋ ደንግጦ መውረድና ማሽኑ ሳይቆም ተመልሶ መውጣትም አደጋ አድርሷል፦ በ2006 ወደ 23,500 ሴግዌዮች የተጠሩት እንዲህ ሲደረግ ጎማው በድንገት ወደ ኋላ ይዞር ስለነበር ነው።

«ጉብታን በፍጥነት ማለፍ ይቀላል»

ለመኪና ጎማ ትንሽ የሚመስል የኮብልስቶን ክፍተት ለ6.5 ኢንች ጎማ፣ ማለትም 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ዲያሜትር ላለው፣ ጉድጓድ ነው። ጎማው ሲነጥር ለአንድ አፍታ መሬት ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ሚዛን ሊጠብቅ አይችልም፤ ሲያርፍም የሚሽከረከርበት ፍጥነት ከነጂው ጉዞ ጋር አይገጥምም። ትንሽ ስንጥቅ ሲገጥም በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ሁለቱም ጎማ እኩል እንዲያገኘው በቀጥታ መሻገር ይገባል። አንዱ ጎማ ብቻ ከመታው ማሽኑ ወደዚያ ጎን ይጠመዘዛል። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና ደረጃ ሲገጥም ወርዶ ማሳለፍ ነው፤ እዚህ ላይ ጀግንነት የለም።

በሐረር ጀጎል ውስጥ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ደግሞ ሌላ አማራጭ የለም፤ ወርዳችሁ ሂዱ። ድንጋዩ ያልተስተካከለ ነው፣ ከጥምዝማዛው ጀርባ አህያ ይምጣ ሸክም የያዙ እናት ይምጡ አይታይም።

«ቁልቁለት ከሆነ ባትሪ አይበላም፣ ሞልቶ መውጣት ነው»

ባትሪ አለመብላቱ እውነት ነው፤ እንዲያውም ይሞላል። ችግሩም ይኸው ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ፍጥነቱን የሚይዘው እንደ ጀነሬተር እየሠራ ኃይሉን ወደ ባትሪው በመመለስ ነው። ባትሪው አስቀድሞ ከሞላ የሚመለሰው ኃይል ማደሪያ ያጣል፤ ቮልቴጁ ይወጣል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ከቀጠለም ራሱን ለመጠበቅ ሊዘጋ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ሳሉ የተዘጋ ማሽን ማለት ፍሬን የበጠሰ ማለት ነው። ቤቱ ሐረር ከፍ ያለ ሰፈር የሆነ ሰው ባትሪውን ከ80 በመቶ እንዳያሳልፍ፣ ወይም መጀመሪያ ሜዳው ላይ ትንሽ ነድቶ እንዲወርድ ይመከራል። ጀማሪ ግን ሜዳን ሳይጨርስ ቁልቁለት አይሞክርም። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሐረር 1,200 ሜትር ገደማ ወደሆነችው ድሬዳዋ የሚያወርደው የደንገጎ መንገድ ደግሞ የዚህ ዓይነት መንጃ ቦታ አይደለም፤ ከባድ መኪናውን ብቻ ማሰብ ይበቃል።

«ቀላል ስለሆነ ለሕፃን ይሻላል»

መርገጫው ላስቲክ ሥር የነጂውን እግር የሚያውቁ ሴንሰሮች አሉ። በጣም ቀላል ልጅ በደንብ አይጫናቸውም፤ ማሽኑ ሰው አለ የለም እያለ ይወላውላል። ብዙ ሆቨርቦርዶች ዝቅተኛ ክብደት 20 ኪሎ ገደማ ይላሉ፤ ትልቁ ሴግዌይ ደግሞ ከ45 እስከ 118 ኪሎ ነው። ሁለት ልጅ በአንድ ላይ ማውጣትማ የሴንሰሩንም የሞተሩንም ሥራ ማበላሸት ነው።

«ሄልሜት ካለ ይበቃል»

ሄልሜት ግዴታ ነው፣ ግን የሚወድቅ ሰው መጀመሪያ እጁን ይዘረጋል። በሆቨርቦርድ ከሚደርሱ ጉዳቶች የክንድና የእጅ አንጓ ስብራት በብዛት የሚታየውም ለዚህ ነው። የእጅ አንጓ መከላከያ ከጉልበት መከላከያ በፊት ይገዛ። አለባበስም ይታሰብበት፦ በድሬ ሙቀት ሽርጥና ነጠላ ጫማ ለመንገድ ጥሩ ናቸው፣ ለዚህ ግን አይሆኑም። ሽርጥ ወይም ረጅም ቀሚስ ጎማው ላይ ይጠመጠማል፤ ነጠላ ጫማ ደግሞ ተረከዝ ሲጫን ይንሸራተታል። ሶሉ ጠፍጣፋና የተዘጋ ጫማ ያስፈልጋል።

«ቻርጀሩ ከገጠመ ይሆናል፣ ማታ ሰክቶ ማደር ነው»

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 አሜሪካ ውስጥ ከ500,000 በላይ ሆቨርቦርዶች በአንድ ጊዜ የተጠሩት የሊቲየም ባትሪያቸው እየጋለ በመቃጠሉ ነው። ዩኤል 2272 የተባለው የደህንነት መስፈርት የሚመለከተው የኤሌክትሪክ ክፍላቸውን ነው፤ ሲገዙ ምልክቱን ማየት ይጠቅማል። የተለመደው ባለ 36 ቮልት ባትሪ 10 ሴል የተደረደረበት ሲሆን ሲሞላ 42 ቮልት ይደርሳል፤ ቻርጀሩ ላይም 42 ቮልት ተብሎ መጻፍ አለበት። የሌላ ስኩተር ቻርጀር ጫፉ ቢገጥምም 54.6 ወይም 67.2 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ያንን መሰካት እሳት መጋበዝ ነው።

ሙቀቱም አለ። የሊቲየም ባትሪ የሚሞላው ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ውስጥ የቆርቆሮ ክፍል ወይም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ማሽን ይህን በቀላሉ ያልፋል። ነድታችሁ እንደገባችሁ አትሰኩ፤ ጥላ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይብረድ። ከፍራሽና ከመጋረጃ ራቅ አድርጋችሁ፣ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት፣ ብዙ ነገር ከተጫነበት ዲቫይደር ሳይሆን ከግድግዳው ሶኬት ሙሉት። መብራት ሲሄድ ንቀሉት፤ ሲመለስ የሚመጣው ከፍና ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ቻርጀሩን ይጎዳልና ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። ለወራት የማትነዱት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልቶ ይቀመጥ። ቅርፊቱ ያበጠ ወይም የመድኃኒት የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ያወጣ ባትሪ ከእንግዲህ አይሞላም፤ ከቤት ውጭ ሲሚንቶ ላይ፣ ከሚቃጠል ነገር ርቆ ይቀመጥ።

«ወደ አንድ ጎን የሚጎትተው ሞተሩ ስለተቃጠለ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ ልኬቱ ተዛብቶ ነው። በብዙ ሆቨርቦርዶች ማስተካከያው እንዲህ ነው፦ አጥፍቶ ሁለቱ መርገጫዎች ፍጹም አግድም በሆኑበት ጠፍጣፋ ወለል ላይ ማስቀመጥ፣ የማብሪያውን ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ አጥፍቶ እንደገና ማብራት። በነፋስ የሚሞላ ጎማ ካለው ግን ከዚህ በፊት ወደ ጎሚስታ ወስዶ የሁለቱን ጎማ ነፋስ እኩል ማድረግ ይቀድማል።