ስለ መርከብ ጭስ ኮምቦልቻ ላይ የሚወሩ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ላይ ወደብ ሲባል ትዝ የሚለን ደረቅ ወደቡ ነው። ኮንቴይነር፣ ተሳቢ፣ አቧራ። መርከብ የለም። ስለዚህ የመርከብ ጭስ ነገር ሲነሳ የሚባለው ብዙ ነው።

"እኛን ምን አገባን?"
ደረቅ ወደቡ ውስጥ የተደረደረው ኮንቴይነር እኮ ጅቡቲ ላይ ከመርከብ የወረደ ነው። ደረሰኙ ላይ የመርከብ፣ የወደብና የመኪና ኪራይ ይጻፋል። ጅቡቲ ወደብ አጠገብ የሚኖረው ሰው የሚተነፍሰው የመርከብ ጭስ ግን ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

"መርከብ ወደብ ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል።"
ግማሹ እውነት ነው። ዋናው ሞተር ይጠፋል። መብራቱ፣ ፓምፑና ማቀዝቀዣ ያላቸው ኮንቴይነሮች ግን ኃይል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ረዳት ሞተሮቹ ይሠራሉ። መብራት ሲጠፋ ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚጮኸውን ጀነሬተር አስቡት፤ ይሄኛው በጣም ትልቅ ነው፣ ዕቃው ተራግፎ እስኪያልቅም ቀን ከሌት አይቆምም። መርከቡን ከየብስ ኤሌክትሪክ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ መሰኪያው ግን ወደቡም መርከቡም ላይ መኖር አለበት።

"ጭሱ ባሕር ላይ ተበትኖ ይቀራል።"
አይቀርም። ከመርከቦች ጭስ ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው የሚወጣው ከባሕር ዳርቻ በ400 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነው። ደቃቁ ጥቀርሻ በነፋስ ወደ የብስ ይመጣል፤ ሳንባና ልብ ይጎዳል። ሰልፈሩ ደግሞ የአሲድ ዝናብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የመርከብ ጭስ በዓመት ወደ 60 ሺህ ሰው ያለ ዕድሜው እንደሚቀጥፍ ገምቶ ነበር።

"ሕግ ወጥቷል፣ አለቀ።"
እውነት ነው፣ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው ሰልፈር ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ወርዷል። ቀላል ነገር አይደለም። ግን አውሮፓ ውስጥ ለመኪና የሚሸጥ ናፍጣ ከ0.001 በመቶ እንዲያልፍ አይፈቀድለትም፤ የመርከቡ 500 እጥፍ ነው ማለት ነው! ጭስ ማጠቢያ (ሰልፈሩን ከጭሱ ላይ በውሃ የሚያጥብ መሣሪያ) የገጠሙ መርከቦች ደግሞ ያንኑ ሰልፈር የበዛበት የቀድሞውን ጥቁር ናፍጣ ማንደድ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም እጣቢውን ባሕር ውስጥ ይደፉታል።

"የእኛም ጭስ ከመርከብ የመጣ ነው።"
ኧረ ተው! የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወደ ደሴ የሚወጣውን ተሳቢ ከኋላ ሆኖ የተከተለ ሰው ያውቀዋል፤ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጥቁር ደመና ይለቃል፣ መስኮት ለመዝጋት እንኳ አያደርስም። እንዲያውም በካርቦን ከሄድን፣ አንድ ቶን ዕቃ ያንኑ ርቀት ለማጓጓዝ መርከብ ከከባድ መኪና በጣም ያነሰ ይለቃል። የሐረጎው ጭስ የሚስተካከለው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ በመርከብ አናሳብብ።