ግድቡ ተመርቆ የሰፈራችን መብራት ለምን ይጠፋል?

ጥያቄው በየሳምንቱ ስለሚመለስ አንድ ጊዜ በደንብ ላስረዳ። የኃይል እጥረት የሚባለው አገሪቱ የምታመነጨው ከፍላጎቷ ሲያንስ ነው። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ የሚያቃልለው ይህንን ነው።

የእኛ የኮምቦልቻ ጣጣ ግን ብዙ ጊዜ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ነው። አቅሙ 100 ኪሎ ቮልት አምፒር (ለምጣድ ሲሆን 100 ኪሎ ዋት ያህል) ነው እንበል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ስለዚህ 28 ምጣድ እኩል ሲጣድ አለቀ፣ ሞላ። (የበዓል ዋዜማ ላይ ስንት ምጣድ እንደሚጣድ እናቶችን ጠይቁ።) ሰፈሩ ላይ ፎቅና ወፍጮ ቤት ተጨምሮ ትራንስፎርመሩ ያው የድሮው ከሆነ፣ አምፖሉ እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ፊውዙ ይቃጠላል። ግድቡ ሞልቶ ቢፈስ ያንን ፊውዝ አያድነውም።

መለያው ቀላል ነው፦ ማዶ ያለው ሰፈር በርቶ የእናንተ ብቻ ከጨለመ ችግሩ በአብዛኛው ቅርብ ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ አንድ ላይ ከጨለሙ ግን ከላይ፣ ከከፍተኛው መስመር ወይም ከማከፋፈያ ጣቢያው ነው። የሚቆይበት ጊዜ እንደ ብልሽቱ ይለያያል፤ ፊውዝ ለመቀየር የሚፈጀው ጊዜና የተቃጠለ ትራንስፎርመር ለመተካት የሚፈጀው አይገናኙም።