«ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም» እና ፍርሃት

ከሠራዊቱ ተመልሶ ደብረ ማርቆስ ከወላጆቹ ቤት የተቀመጠ ሰው፣ የቆርቆሮ በር ድንገት ሲላተም ከመደቡ ዘሎ መሬት ላይ ቢተኛ፣ ጎረቤት «ፈሪ ሆነ» ወይም «ለክፎት ነው» ይላል፤ ፉከራና ሽለላ በሚወደድበት በጎጃም ደግሞ የፊተኛው ቃል ከኋለኛው ይልቅ ያማል። ሐኪሞች «ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም» የሚሉት፣ እንደ ጦርነት ካለ ከባድ አደጋ በኋላ የሚከተል የአእምሮ ሕመም ግን ሁለቱንም አይደለም።

ብዙዎችን የሚያደናግረው የጊዜው ነገር ነው። ከአደጋ በኋላ ባሉት ቀናት መባነንና እንቅልፍ ማጣት በማንም ላይ የሚደርስ ስለሆነ በዚህ ስም አይጠራም፤ ስሙ የሚሰጠው ቅዠቱ፣ ድንጉጥነቱና አደጋውን ከሚያስታውስ ነገር ሁሉ መሸሹ ከአንድ ወር በላይ ዘልቆ ሥራንና ኑሮን ሲያውክ ነው። ይህ መለኪያ የሕመሙን ስም ለመወሰን የተቀመጠ እንጂ እርዳታ ለመጠየቅ ወሩ እስኪሞላ ይጠበቅ ማለት አይደለም፤ በተለይ ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው እርዳታ ሳያገኝ አንድ ቀንም ማደር የለበትም።

ሕክምናው በአብዛኛው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በሚደረግ ተከታታይ ምክክር ነው፤ መድኃኒት የሚጨመርበትም አለ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ አይኖርበትም። አረቄ ግን ለጊዜው ቢያስተኛም እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፤ ቅዠቱም ሌሊቱን ተመልሶ ይመጣል።