ዘይቷን በሆዷ የያዘች ቦኮላ

አሮጌ የጠረጴዛ ቬንትሌተር መጮህ ሲጀምር ብዙ ሰው ሞተሩ ተቃጠለ ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ደህና ነው። ዘንጉ የሚዞርባት ትንሽዬ የነሐስ ቀለበት፣ ጋራዥ ቤት ቦኮላ የሚሏት፣ ዘይቷን ጨርሳ ነው።

ሲያዩዋት ድፍን ብረት ትመስላለች። የተሠራችው ግን ከዱቄት ነው። 90 በመቶ መዳብና 10 በመቶ ቲን በዱቄት መልክ ይደባለቃሉ፣ በቅርጽ ማውጫ በኃይል ይጠቀጠቃሉ፣ ከዚያ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ ምድጃ ይገባሉ። ቲኑ በ232 ዲግሪ ቀልጦ ወደ መዳቡ ይሰርጋል። መዳቡ ራሱ ግን ለመቅለጥ 1085 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቅንጣቶቹ በሚነካኩበት ቦታ ብቻ ይያያዛሉ። በመሃል የሚቀረው ክፍተት ከጠቅላላ ይዘቷ 20 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ክፍተት ነው በቫኪዩም ዘይት የሚሞላው። በዚህ ዓይነት ቦኮላ ስሟ የገነነው «ኦይላይት» ናት፤ የአሜሪካው መኪና አምራች ክራይስለር በ1930ዎቹ ያስፋፋት።

ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን ከነዚህ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስቦ ያወጣል። ሙቀቱም ዘይቱን ስለሚያሰፋው ይረዳል። ሞተሩ ቆሞ ሲበርድ ዘይቱ ተመልሶ ይመጠጣል፤ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው ዓይነት። ለእኔ ደስ የሚለኝ ግን ጣጣው ነው። ዘይት የሚሰጡት ቀዳዳዎች ዘይት ይሰርቃሉም። ዘንጉ በሚጫንበት በኩል ግፊቱ ዘይቱን መልሶ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ በመሃል የሚቀረው ሽፋን ይሳሳል። ስለዚህ ብረት ከብረት አልፎ አልፎ መነካካቱ አይቀርም። ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ የሚበላው እሱ ነው፣ ዘንጉ ይተርፋል።

ድንበር አላት። የተለመደው ልክ፣ ግፊቱ በፍጥነቱ ሲባዛ 1.75 ነው። ዘንጉ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚንሸራተት ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ከ1.75 ኒውተን በላይ መጫን የለበትም። ከዚያ ካለፈ ይግላል፤ ዘይት ደግሞ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። አቧራ ሲገባማ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ሌላው ገዳይ የሰው እጅ ነው። ዘንጉ የሚገባባት የመሃል ቀዳዳዋ ጠበበች ብሎ በደነዘዘ መሣሪያ መፋቅ ነሐሱን እንደ ቅቤ ይለቀልቀዋል፣ ዘይት የሚይዙት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ውስጧ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ጥሩ ምልክት አይደለም። ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ መንፋትም ጩኸቱን ለጊዜው ዝም ያሰኛል፣ የቀረውን ዘይት ግን አቅጥኖ ያወጣዋል።

መመርመሪያዋ ቀላል ነው። ቦኮላዋን አውራ ጣትዎ ላይ አቁመው ውስጧን በዘይት ይሙሉ። ከላይ በሌባ ጣት ይጫኑ። ጤነኛ ከሆነች ውጪዋ በጥቃቅን የዘይት ጠብታ ያልባታል። ደርቃ ከሆነ 30 ቁጥር (SAE 30) ዘይት ውስጥ ነክረው ቀስ ብለው ያሙቁት። አየሩ በአረፋ ይወጣል። አረፋው ሲያቆም ወዲያው አያውጧት፤ እዚያው ዘይቱ ውስጥ ትብረድ። ዘይቱን የምትጠጣው ስትበርድ ነው።