ጁሪ ምንድን ነው? ሽማግሌ ግን አይደለም

«የጁሪ መጥሪያ ከመጣላችሁ እንዳትቀሩ። ጁሪ ማለት የእኛው ሽማግሌ ማለት ነው። የሀገራችሁ ልጅ ተከስሶ ቢገጥማችሁ ታተርፉታላችሁ።»

ይህን የሚለው ሰውዬ ክፉ አይደለም። የመጀመሪያዋ ምክሩም ልክ ናት፤ አትቅሩ። የቀሩትን ሁለቱን ግን ስንቴ እንደሰማኋቸው መቁጠር ትቻለሁ። ለቅሶ ቤት ሰምቻለሁ፣ ቡና ላይ ሰምቻለሁ፣ ፌስቡክ ላይ ከነልብ ምልክቱ አይቻለሁ። ዝም ብዬ ነበር የማልፈው። በቀደም ግን ዜግነት ከወሰደች ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ መጥሪያዋን ይዛ መጣችና «ሽማግሌ ልቀመጥ ነው፤ ነጠላ ልልበስ እንዴ?» አለችኝ። ቀልዷን ነው። ግማሹ ግን የምሯን ነበር።

እኔ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የሕግ ምክር የፈለገ ጠበቃ ያናግር። ሥራዬ አማርኛ ተናጋሪ ምስክር ወይም ተከሳሽ አጠገብ ሆኜ የተባለውን ማለት ብቻ ነው። ከዚያች ቦታ ላይ ጁሪዎቹ፣ ማለትም ማስረጃውን ሰምተው እንዲወስኑ የተጠሩት ተራ ዜጎች፣ ፊት ለፊት ይታያሉ። ሲያዛጉም፣ ሲደነግጡም፣ ማስታወሻ ሲጽፉም አያቸዋለሁ።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። አሜሪካ ውስጥ ለጁሪ የሚፈለገው ዜጋ ነው፤ 18 ዓመት የሞላው፣ እዚያው አካባቢ የሚኖር፣ በእንግሊዝኛ የሚግባባ። ስማችሁን የሚያወጡት እንደ መራጮች መዝገብና መንጃ ፈቃድ ካሉ ዝርዝሮች ነው፤ በዕጣ። ስለዚህ ፖስታውን ያዩት እናት «ልጄ፣ ምን አድርገሽ ነው?» ብለው እንዳይደነግጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

መንጃ ፈቃድ ስላለው ብቻ መጥሪያ የሚደርሰው ባለ ግሪን ካርድም አለ። እሱ ቅጹ ላይ «ዜጋ አይደለሁም» ብሎ ሞልቶ ይመልሳል፤ አለቀ። በችኮላ «ዜጋ ነኝ» የሚለው ላይ ምልክት እንዳያደርግ ግን አደራ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ከሀገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ዜጋ ሆኖ፣ ድምፅ ለመስጠት ተመዝግቦ፣ ከጁሪ ለማምለጥ «አይደለሁም» የሚል ጀግናም አጋጥሞኛል። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ቀን ይገናኛሉ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

ሽማግሌ ማን ነው? ሰው ሲጣላ መሀል የሚገባ ነው። የሚመረጠውም ስለሚያውቅና ስለሚታወቅ ነው። ያንተን አባት ያውቃል፣ የእሱን እናት ያውቃል፣ ድንበሩ የት ጋ እንደነበረ ያውቃል፣ አምና ማን ማንን እንደሰደበ ያውቃል። የማያውቀው ነገር ካለ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ማታ ቤት ለቤት ይዞራል። ዓላማው እርቅ ነው። «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ይላል። ካሳ ያስከፍላል፣ ጉልበት ያስማል፣ አንድ መሶብ ላይ ያስቀምጣል። የበሰለ ሽማግሌ ጥፋቱን ለሁለቱም ትንሽ ትንሽ አካፍሎ ሁለቱንም በደህና ይሸኛል።

ጁሪ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አያደርግም። ተከሳሹን ካወቀ አብዛኛውን ጊዜ ይሰናበታል። ምስክሩን ካወቀም እንዲሁ። ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለበት መንገድ ላይ በራሱ ሄዶ ቢያይ፣ ወይም የተከሳሹን ስም ጉግል ቢያደርግ፣ የስንት ቀን ችሎት ሊፈርስ ይችላል። «እስቲ ተጨባበጡ» የለም። በወንጀል ጉዳይ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ አስረድቷል ወይስ አላስረዳም? ለዚህም ነው ውሳኔው «ንጹሕ ነው» የማይለው። «ጥፋተኛ አይደለም» ነው የሚለው፤ አልተረጋገጠም ማለት ነው።

አዲስ አበባ እያለሁ ቡና ቀማሽ ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ቀን ሥራ ቦታው ወሰደኝ። ጠረጴዛው ላይ ሲኒዎች ተደርድረዋል። ሲኒው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ባለቤቱ ማን ይሁን፣ ሀብታም ይሁን ድሃ፣ የአክስት ልጅ ይሁን ባዳ፣ ቀማሹ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይፈለግም። በማንኪያ ይጨልፋል፣ በጩኸት ይስባል፣ ይተፋል፣ ይጽፋል። ጉንፋን የያዘው ቀን አይቀምስም። ሽቶ ተቀብቶ አይገባም። ጠረጴዛው ላይ ያልቀረበ ቡናም አያነሳም፤ «እኔ ይርጋጨፌ ሄጄ ዛፉን አይቼዋለሁ» ቢል ይስቁበታል። ዋጋም አይቆርጥም። ዋጋ የሚቆረጠው ሌላ ክፍል ነው።

ጁሪ ለእኔ ይህ ነው። ሲኒውን የሚያቀርቡት ጠበቆቹ ናቸው። የትኛው ሲኒ ጠረጴዛው ላይ ይውጣ የምትለው ዳኛዋ ናት። አንዳንዴ ምስክሩ ማለት የሌለበትን ነገር ያመልጠዋል። ያኔ ዳኛዋ ወደ ጁሪው ዞር ብላ «ይህን መልስ እንዳልሰማችሁ ቁጠሩት» ትላለች። የተዋጠውን ትፉት እንደማለት። ይቻላል ወይ? እሱን እኔን አትጠይቁኝ።

ምሳሌዬ የሚሰበርበትም ቦታ አለ። ቡና ቀማሽ ለዓመታት የሠለጠነ ሰው ነው። ጁሪ ሆን ተብሎ ያልሠለጠነ ነው፤ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ጡረተኛ፣ አንዱ የፓርኪንግ ሠራተኛ። ቀማሽ ነጥብ ይሰጣል፤ ጁሪ ግማሽ ነጥብ የለውም፣ ለእያንዳንዱ ክስ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም። ደግሞ በከባድ ወንጀል ጉዳይ ሁሉም አንድ ቃል መሆን አለባቸው። ሉዊዚያናና ኦሪገን በአብላጫ ድምፅ ጥፋተኛ ይሉ ነበር፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አይሆንም አለ። አንዷ ካልተስማማች ዳኛዋ «እስቲ ተመለሱና እንደገና ተነጋገሩ» ትላለች። ያም ካልሆነ ጉዳዩ ሳይወሰን ይበተንና ዐቃቤ ሕግ እንደ አዲስ ሊጀምረው ይችላል።

ከእኛ ሀገር ነገር የግድ ይመሳሰል ከተባለ ሽማግሌን ትታችሁ የድሮውን የመንገድ ዳኛ አስቡ። ተሟጋቾች ልብስ ለልብስ ተቋጥረው መንገደኛ አስቁመው «ዳኘን» ይሉ ነበር። መንገደኛው አያውቃቸውም፤ ጉዳይ አለብኝ ብሎም አይሄድም። እሱ እንኳ ዳኛ ነበር፣ ጁሪ አልነበረም። በዛሬው የኢትዮጵያ መደበኛ ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስነው ዳኛ ነው። ጁሪ የለም፤ ስለሌለ ቃልም የለውም። ጀማሪ አስተርጓሚ ሳለሁ «ዳኞች» ብዬ ተርጉሜው አውቃለሁ። ተከሳሹ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ተቀምጠው እያየ ዞሮ ዳኛዋን አያት። ከዚያ ወዲህ «ጁሪ» እላለሁ፤ ሰው ይገባዋል።

ስለ አመራረጡ። ብዙ ሰው አንድ ክፍል ይገባል። ዳኛዋና ጠበቆቹ ይጠይቃሉ፦ ተከሳሹን የሚያውቅ? ፖሊስ ዘመድ ያለው? እንዲህ ያለ ወንጀል የደረሰበት? እጅ ያወጣ ወደ ዳኛዋ ይጠራል። እዚያ በዝቅተኛ ድምፅ ሲነጋገሩ ሌላው ሰው እንዳይሰማ በድምፅ ማጉያው ዝናብ የሚመስል ሹሹታ ይለቁበታል። ለተከሳሹ የማስተረጉም ከሆነ ግን እኔ እሰማለሁ። አንዴ አንዲት ሀበሻ እናት ተጠሩ። (እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ፤ ሙያዬ ያስገድደኛል።) «ልጁን አላውቀውም» አሉ፤ «እናቱን ግን ለቅሶ ላይ አይቻታለሁ። ብፈርድበት እንዴት ዓይኗን አያለሁ?» ዳኛዋ አመስግና ሸኘቻቸው። ሴትየዋ የተቀጡ መስሏቸው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። በእኔ ግምት ያን ቀን ከእሳቸው የተሻለ ሥራውን የሠራ ሰው አልነበረም።

ጠበቆች ምክንያት ሳይሰጡ የሚሰርዟቸውም አሉ። በፌዴራል ከባድ ወንጀል ዐቃቤ ሕግ 6፣ ተከላካይ 10 ሰው እንዲህ መሰረዝ ይችላሉ። በዘር መሰረዝ ግን ከ1986 ጀምሮ ክልክል ነው። ስለዚህ ሲሰርዟችሁ አትቀየሙ፤ ስለ እናንተ የሚያውቁት ያቺን አንድ ገጽ ቅጽና እዚያ የመለሳችሁትን ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰውዬው ወዳላት «የሀገር ልጅ» እንምጣ። ለእኔ ሥራ የምትቀርበው ይህቺ ናት። ተከሳሹ ወይም ምስክሩ አማርኛ ተናጋሪ ነው፣ እኔ አስተረጉማለሁ፣ ጁሪው ውስጥ ደግሞ አማርኛ የምትችል አለች እንበል። ይህቺ ጁሪ ማስረጃዋ እኔ በእንግሊዝኛ ያልኩት ነው፤ በጆሮዋ የገባው አማርኛ አይደለም። ከባድ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991፣ በስፓኒሽ ተናጋሪዎች ጉዳይ፣ የአስተርጓሚውን ቃል መቀበላቸው የሚያጠራጥር ሰዎችን ጠበቃ ቢሰርዝ ያ ብቻውን የዘር መድልዎ አይሆንም ብሏል። ብዙዎች አልወደዱትም፤ እኔም ቅር ይለኛል። ጭንቀቱ ግን ይገባኛል።

ለምን መሰላችሁ? ምስክሩ «ሰባት ሰዓት ላይ ነው» ይላል። የሀገር ቤቱ የቀን ሰባት ከሆነ በአሜሪካ አቆጣጠር የቀን አንድ ሰዓት ነው። የአሜሪካው ሰባት ከሆነ ሰባት ነው። ሃያ ዓመት እዚህ የኖረ ሰው ሁለቱንም ይቀላቅላል። እኔ መገመት አልችልም፤ ዳኛዋን አስፈቅጄ «በየትኛው አቆጣጠር?» ብዬ ማጣራት አለብኝ። ደግሞ «ወንድሜ» ይላል። ጠበቃው ይይዝና «ቅድም ወንድም የለኝም ብለህ ነበር!» ብሎ ይነሳበታል። እኛ የሰፈር ልጅንም፣ የአጎት ልጅንም ወንድሜ እንደምንል ጠበቃው አያውቅም። እኔም የማስረዳት መብት የለኝም፤ አስተርጓሚ ምስክር አይደለም። ያቺ ጁሪ ግን ታውቃለች። ምን ታድርግ? ምክክር ክፍል ገብታ «አስተርጓሚው ተሳስቷል፣ በእኛ ባህል እንዲህ ነው» ብላ ብታብራራ፣ ማንም ያልጠየቃት፣ መስቀለኛ ጥያቄ ያልቀረበላት ምስክር ሆነች ማለት ነው። ትርጉም ስህተት ከመሰላት በወረቀት ለዳኛዋ ትጻፍ። ከዚያ በላይ አትሂድ። እኔ በበኩሌ ወረቀቱ ቢመጣ አልቀየምም፤ ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ።

ስለዚህ «ታተርፉታላችሁ» የሚለው ነገር ይቅር። እንዲያ ብሎ አስቦ የገባ ሰው በምርጫው ላይ ሲጠየቅ ይህንኑ መናገር አለበት፤ የሚመልሰው ደግሞ ምሎ ነው።

ስለ ቅጣትም አንድ ነገር። ጁሪው «ጥፋተኛ» ካለ በኋላ ስንት ዓመት ይታሰር የሚለው በአብዛኛው የዳኛ ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ «እኛ ጋ ጁሪው ራሱ ነበር ዓመቱን የሚለው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግን ተከሳሹ ራሱ ጁሪ ይወስንልኝ ካላለ በቀር ወደ ዳኛ ሄዷል። ግራንድ ጁሪ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ ሰውዬው ይከሰስ ወይስ አይከሰስ ብቻ ነው የሚለው፣ በዝግ ቤት። በፌዴራል ከ16 እስከ 23 ሰው ይቀመጥበታል፣ ሥራውም ለወራት ሊዘልቅ ይችላል። መጥሪያችሁ ላይ የትኛው እንደሆነ እዩ።

ገንዘቡ ያው ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤት በቀን 50 ዶላር ይከፍላል፤ የስቴቶቹ ይለያያል፣ ብዙውም ከዚያ ያንሳል። አሠሪ ጁሪ ሄድክ ብሎ ማባረር አይችልም፤ ያን ቀን ደመወዝ ይክፈል አይክፈል ግን እንደ ስቴቱና እንደ አሠሪው ነው። ኡበር የሚነዳ ሰው ቀኑ ይቃጠልበታል፣ እውነቱ ይኸው ነው። ቀኑ ካልተመቸ ግን ቀድሞ ደውሎ ማዘዋወር ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ዝም ብሎ ይቀራል። በስልክ ደውሎ «ጁሪ ቀርተሃልና በስጦታ ካርድ ክፈል፣ አለዚያ ፖሊስ ይመጣል» የሚል ካለ ሌባ ነው፤ ዝጉበት።

ልጅቷ ሄደች። ነጠላውን ትታ ጃኬት ያዘች፤ ደግ አደረገች፣ የመጠበቂያው ክፍል ሁልጊዜ በረዶ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ ቁጥሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ተቀመጠች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሠራተኛ ገብቶ «ተከሳሹ ጥፋቱን አምኗል፤ አመሰግናለሁ፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አላቸው። ማታ ደወለችልኝ። የተናደደችው ስለዋለችው ቀን አልነበረም፤ «ምን አድርጎ እንደሆነ እንኳ አልነገሩንም» አለችኝ።